«ከሁሉ የተሻለ» መረጣ አለን? በዳረል ዊትሊ የ«ጄኒተር» ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ከዴንቨርና ከአውሮራ በስተ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በፎርት ኮሊንስ፣ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዳረል ዊትሊ እ.ኤ.አ. በ1989 «ጄኒተር» ስለተባለው አልጎሪዝማቸው ጽፈው ነበር። በደረጃ የሚደረግ መረጣ ከሁሉ የተሻለ መሆኑን በርእሱ ሳይቀር አውጀዋል። የዘርፉ ዓመታዊ ጉባኤ በ2016 ዴንቨር ላይ ሲሰበሰብ ጽሑፉ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ብያኔው ግን ዛሬም ያለ ምርመራ ይደገማል።

ጆን ሆላንድ በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀው ጄኔቲክ አልጎሪዝም ብዙ የመፍትሔ ሙከራዎችን እንደ ሕዝብ ይዞ፣ የተሻሉትን እያዳቀለ፣ ትውልድ በትውልድ ይተካል። የቀደመው ልማድ የመዋለድን ዕድል በነጥብ ልክ ማደል ነበር። ዊትሊ ይህን መንቀፋቸው ትክክል ነው። አንዱ 10፣ ሌላው 13 ነጥብ ቢያገኙ የሁለተኛው ዕድል በ30 በመቶ ይበልጣል፤ በሁለቱም ላይ 1000 ቢደመር ግን ብልጫው ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል። ችግሩ ሳይለወጥ መለኪያው ብቻ መረጣውን አፈዘዘው ማለት ነው። ደረጃ ከዚህ ነፃ ነው፤ የሚጠይቀው ማን ማንን እንደሚቀድም ብቻ ነውና።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በጄኒተር አንድ ልጅ ሲወለድ ከሁሉ ያነሰው ይሰናበታል። ጎልድበርግና ዴብ በ1991 እንዳሳዩት ይህ ማሰናበት ራሱ ብርቱ ጫና አለው። እንግዲህ ለደረጃ የተሰጠው ምስጋና ከፊሉ የአሰናባቹ ድርሻ ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው ሳይመዘኑ «ከሁሉ የተሻለ» ማለት አይቻልም። ወልፐርትና ማክሬዲ በ1997 ደግሞ በችግሮች ሁሉ ላይ አማካዩ ቢወሰድ አንዱ የፍለጋ ስልት ከሌላው እንደማይበልጥ አረጋግጠዋል።

(ሆን ብዬ «መረጣ» እላለሁ። «ምርጫ» ለእኛ አንባቢ ሌላ ቁስል ይነካል፤ ገበሬውም ቢሆን ዘሩን የሚለየው በኮሮጆ አይደለም።)

የጫናው ዋጋ ብዝኃነት ነው። ሁለት ሁለቱን አጋጥሞ የሚበልጠውን በሚያስቀር መረጣ፣ መዳቀልና ለውጥ ከሌሉ፣ በ1000 አባላት መካከል አንዱ የበላይ ቦታውን ሁሉ ለመያዝ በነጎልድበርግ ቀመር 13 ትውልድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ፍለጋው ቆሟል፤ የተገኘው መልካም ይሁን መናኛ የሚነግረን የለም። ከእኛ ወገን ዶክተር መላኩ ወረደ በዚያው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት የገበሬውን ዘር ብዝኃነት ለመጠበቅ በሠሩት ሥራ ነበር። በፎርት ኮሊንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ከ1958 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የዘር ማከማቻ አለ፤ እዚያ ዛሬ ብልጫ የሌለው ዘር ሳይቀር ተጠብቆ ይቀመጣል። ጄኒተር የሚያሰናብተው ግን በጎተራ የሚያኖርለት የለውም፤ በውስጡ የነበረው ጠቃሚ ቅንጣትም፣ በሌላ አባል ዘንድ ከሌለ፣ ዳግመኛ የሚገኘው በዕድል በሚመጣ ለውጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ጽሑፉን ሲያነቡ የሕዝቡን ብዛትና የጫናውን መጠን ከስልቱ ስም አስቀድመው ይጠይቁ።