በዛብህን ለማን ልስጠው?

ለልጅ መጽሐፍ ምረጥለት ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንተኛ ክፍል ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ አማርኛ እያስተማርኩ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍትም ስለምይዝ፣ ልጁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ከማን ጋር ትኖራለህ? ቅዳሜና እሑድ የት ትውላለህ? ከብት ጠብቀህ ታውቃለህ? የትኛውን መደርደሪያ መንካት እንዳለብኝ የሚነግረኝ መልሱ ነው።

ለልጆች ተብሎ የተጻፈ ረዘም ያለ ልብ ወለድ በአማርኛ ጥቂት ነው። ተረት ሞልቷል፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ግን ሳስቷል፤ ተረት የጠገበ ልጅ በቀጥታ የሚገባው አዋቂዎች ከሚያነቡት ዘንድ ነው። ይህ ሊያስፈራን አይገባም። «ሮቢንሰን ክሩሶ» እ.ኤ.አ. በ1719፣ «የጉሊቨር ጉዞዎች» በ1726 ሲታተሙ የተጻፉት ለአዋቂ ነበር። የዓለም ልጆች ደስ ያላቸውን ወሰዱ፣ ያልገባቸውን ዘለው አለፉ፣ መጻሕፍቱንም የራሳቸው አደረጉ። የእኛም ልጆች በየት በኩል እንደሚገቡ የሚያሳያቸው ካገኙ አያቅታቸውም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» 1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከአምስት መቶ ገጽ የሚዘልቅ መጽሐፍ ነው። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ «ታላቅ የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ ማስያዝ፣ በማግስቱ እንዲመልሰው መንገር ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የምሰጠው ከፋርጣ ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ለሚማሩት ነው። እነዚህ ልጆች ዓርብ ከትምህርት ሲወጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን እንጀራ ተሸክመው፣ ሽሮና በርበሬውን በፌስታል ቋጥረው ይመለሳሉ። ለእነሱ ስለ ፍቅር አላወራም። «ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ አለ፤ ለትምህርት ብሎ ከቤቱ ወጣ» እላቸዋለሁ። ይበቃል። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ደጃቸው ሲቆም አይተው ያደጉ ናቸው፤ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ስማቸው የሚጠራውም እዚሁ እኛው አገር ነው። ያ ልጅ፣ በዛብህ፣ ለእነሱ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ሙሉውን አንብብ ብዬ አላዝም። ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ስስ ቅዳጅ ቆርጬ ገጽ መካከል አስገባና «እዚህ ስትደርስ ና» እላለሁ። ሲመለስ ወረቀቷ የት እንደ ሄደች አያለሁ። ካስቀመጥኳት ቦታ አልፋ ከተገኘች መጽሐፉ ይዞታል። «ምን ተማርክ?» ብዬም አልጠይቅም፤ ይህ ጥያቄ የፈተና ጠረን አለው፣ ልጅ ሲሰማው ይሸሻል። «ማን አናደደህ?» ነው የምለው። ያን ጊዜ ፊታውራሪ መሸሻን የሚከስ፣ ለጉዱ ካሳ ጥብቅና የሚቆም ይመጣል። ፍቅሩ ዕድሜው ሲደርስ ይገባዋል፤ መጽሐፉ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ሌላም ረዳት አለኝ። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌልን ያወቃት በእሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ልጁን «ማታ አያትህን ጠይቃቸው» እለዋለሁ። አያት የሚያውቁትን መጽሐፍ የያዘ ልጅ ብቻውን አያነብም።

«ጦቢያ» ሌላ ጥበብ ይፈልጋል። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ሰው ናቸው፣ ጣናን ተሻግሮ ጎረቤታችን፤ መጽሐፉ 1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። በገጽ ቀጭን ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ረጅምና አሮጌ ስለሆነ ብቻውን የገባበት ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል። ስለዚህ መግቢያውን እኔው ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ በጆሮ ሲሰማ ይጣፍጣል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ መጽሐፉን አጥፌ አስቀምጣለሁ። ብዙ ጊዜ ቀድመው እጃቸውን የሚዘረጉት ሴቶቹ ልጆች ናቸው።

በጣም የሚከብደኝ አፄ ቴዎድሮስን መስጠት ነው። ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ነው፤ የንጉሡ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበትን ቦታ ልጆቹ በእግራቸው ሄደው አይተውታል። የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ያዝ ያልኩት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን ከታሪክ መምህሩ የሰማውን ይዞ መጣ፦ «ቲቸር፣ መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው አይደል? ታዲያ ለምን እንወዳቸዋለን?»

እውነት ነው፤ 1860 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለው ነው የወጡት። ይህን ደብቆ ለልጅ ጀግና መስጠት ማታለል ነው፤ ልጁ ሲያድግ ማወቁ ስለማይቀር ያን ቀን መጽሐፉንም እኔንም ይጥላል። አዎ፣ አቃጥለዋታል አልኩት። ብርሃኑን ሲጨርስ የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» ሰጠሁት፤ እሱም ስለ እኒሁ ንጉሥ ነው። የትኛው ደራሲ እንደ ፈረደላቸው፣ የትኛው እንደ ፈረደባቸው፣ አንተስ ምን እንደምትል ንገረኝ ብዬዋለሁ። አሁን ግማሹ ላይ ደርሷል፤ በእረፍት ሰዓት እየመጣ ይከራከረኛል።