የሰይጣን ምክርና የአንባቢ ሣቅ

ሰው ራሱን በራሱ እንዲያሻሽል የሚመክሩ መጻሕፍት በአውሮፓ እጅግ ብዙ ናቸው። ሳሙኤል ስማይልስ የተባለው ጸሓፊ በ1859 ዓ. ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) «ራስን መርዳት» የሚለውን መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ይህ ዐይነቱ ምክር ገበያ አላጣም። አብዛኞቹ መካሮች አንድ ነገር ሳይመረምሩ ይቀበላሉ፤ ይኸውም ሰው መልካሙን ይወዳል፥ የጐደለው መንገዱን ማወቅ ብቻ ነው የሚል ነው።

የኦክስፎርዱ መምህር ሲ. ኤስ. ሉዊስ የደረሰው «የስክሩቴፕ ደብዳቤዎች» ይህን እምነት ገልብጦ ይፈትነዋል። መካሪው ስክሩቴፕ የተባለ ሽማግሌ ሰይጣን ነው፤ ተመካሪው ዎርምዉድ፥ ትርጓሜው እሬቶ፥ የተባለ ልምድ የሌለው ዘመዱ ነው፤ የምክሩም ዓላማ አንድን ወጣት እንግሊዛዊ ማጥፋት ነው። 31ዱ ደብዳቤዎች በ1941 ዓ. ም. ጦርነቱ ሲነድ፥ ጋርዲያን በሚባል የአንግሊካን ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጡ፤ በ1942 ዓ. ም. በመጽሐፍ ታተሙ። ሉዊስ ኋላ እንደ ተረከው፥ አንድ የገጠር ቄስ ከምክሩ የሚበዛው ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሰይጣናዊም ነው ብለው ጋዜጣው እንዲቀርባቸው ጻፉ። ቄሱ ቀልዱ ቢያመልጣቸውም፥ ፍርዳቸው ትክክል ነበር።

የድርሰቱ ብርታት ጥቃቅኑን ኀጢአት መከታተሉ ነው። ሽማግሌው እንደሚመክረው፥ ወጣቱ ስለ እናቱ ነፍስ አጥብቆ ይጸልይ፥ ስለ ቍርጥማትዋ ግን አያስብ። ትሕትናን ቢያገኝ ደግሞ ትሑት መሆኑን እንዲያስተውል ማድረግ ይበቃል። እናቲቱም የቀረበላትን ማዕድ ትመልሳለች፤ ጥቂት ሻይና በልኩ የተጠበሰ ዳቦ ብቻ ትሻለችና ራስዋን ልከኛ አድርጋ ትቈጥራለች፤ ነገር ግን ያችን ጥቂት እንደ ልብዋ እስክታገኝ ድረስ አስተናጋጁን ሁሉ ታስጨንቃለች። ጾምን በምግቡ ማነስ ብቻ ለሚለካ ሰው ይህ ደብዳቤ መራራ መድኀኒት ነው። አንባቢን የሚያስቀውም የሚያስደነግጠውም፥ ሰይጣኑ አዲስ ነገር አለማስተማሩ ነው፤ ሰው ያለ መምህር የሚሠራውን ብቻ በሥርዐት ይጽፋል።

ድርሰቱ ጕድለት የለውም አይባልም። የሽማግሌው አንደበት እጅግ ስለሚጣፍጥ፥ አንባቢ መካሪውን ሊያደንቀው ይቀርባል። ሉዊስም ሚዛኑ እንዲቀና የመልአክ ምክር በአንጻሩ ሊኖር ይገባ እንደ ነበር በ1961 ዓ. ም. ባወጣው መቅድም አመልክቷል። ከዚህ የሚብስ ሌላ አደጋ አለ፤ እናቲቱን ሲያነብ የጐረቤቱን ሚስት፥ ትዕቢተኛውን ሲያነብ የሥራ ባልደረባውን እያሰበ የሚስቅ ሰው፥ ሰይጣኑ የመከረውን በዚያው ሰዓት ይፈጽማል። መጽሐፉ የሚጠቅመው ሣቁ ወደ ራሱ ለተመለሰበት አንባቢ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ወጣቱ በአየር ድብደባ ይሞታል፥ ነፍሱም ትድናለች። ያን ጊዜ ሽማግሌው በፍቅር ቃል እየጠራ፥ ያልተሳካለትን ተማሪውን ሊበላው ይዘጋጃል። ሠላሳ ደብዳቤ ሙሉ በትዕግሥት ሲመክረው የኖረው ዘመዱን ወዶት ሳይሆን፥ ከሁለት አንዱ ለማዕዱ እንደማይቀርበት ዐውቆ ነበር።