ያልነበረን አገር ስለ መሥራት

ልብ ወለድ ታሪክ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በዘጋ ጊዜ «ይህ ነገር በእውነት ሆኖ ነውን?» ማለቱ አይቀርም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፍ መንገደኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው እንደ ሆነ፣ ቢቸና ሲደርስ ዲማ ጊዮርጊስ በየት በኩል እንደ ሆነ መጠየቅ ያምረዋል፤ ዲማንም ቢያሳዩት የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ወዴት እንደ ነበረ ሊጠይቅ ይቃጣዋል። ዲማ አለ፤ ደብሩም አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ከሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር በቀር በሌላ ስፍራ አልነበረም። ሆኖም ጠያቂው ሞኝ አይባልም፤ ጥያቄው ለደራሲው ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ነውና።

ጥያቄው ግን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሕሊና ነገር ነው፤ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ሐሰት አይደለምን? ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነገር ነው፤ ያልነበረ አገር እንደ ነበረ ሆኖ እንዲቆም የሚያደርገው ምንድር ነው? እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ስለ ልብ ወለድ የሚፈርዱ ሰዎች ወይም ጥበቡን በከንቱ ይነቅፋሉ፣ ወይም ያገኙትን ሁሉ በከንቱ ያመሰግናሉ።

በባሕር ማዶ ይህን ጥያቄ ከሌሎች ሁሉ አብዝቶ የተጠየቀው የእንግሊዙ ሊቅ ቶልኪን ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ነበረ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. «ሆቢት» የሚባለውን፣ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ «የቀለበቶቹ ጌታ» የሚባለውን ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ያለው አገር በምድር ላይ የለም፤ ተራራውን፣ ወንዙን፣ የነገሥታቱን የትውልድ ቍጥር፣ ቋንቋውንና ፊደሉን ሳይቀር የሠራው እርሱ ነው። አንባቢዎች በደብዳቤ እየጠየቁት ለብዙ ዘመን መለሰላቸው፤ ደብዳቤዎቹም እርሱ ካረፈ በኋላ በ1981 እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ።

ከመልሶቹ ሦስቱን ማስታወስ ይበቃል። አገሩን እንዴት እንደ ጀመረው ሲያስረዳ፣ አስቀድሞ ካርታውን እንደ ሠራና ታሪኩን ከካርታው ጋር እንዳስማማ ገልጧል፤ ታሪክ አስቀድሞ ካርታ ኋላ ቢሆን መንገዱና ቀኑ ይፋለሳልና። ሁለተኛም ቋንቋዎቹን የሠራው ለታሪኩ ጌጥ እንዲሆኑ አይደለም፤ ይልቁንም ታሪኩ የተወለደው ቋንቋዎቹ የሚነገሩበት ዓለም እንዲያገኙ ብሎ ነው። ሦስተኛም በ1944 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ሲጽፍ ሳለ፣ ተለያይተው የሚጓዙት ሰዎች የሚያዩት ጨረቃ እንዳልተስማማ ባወቀ ጊዜ፣ ያን ለማቃናት ከቀደሙት ምዕራፎች አንዳንድ ክፍሎችን እንደ ገና ጽፏል።

ይህን የመጨረሻውን የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ቢሰማ አይደነቅም፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 መሆናቸውን፣ አንዲት ቀን ብትዛነፍ በዓልና ጾም ሁሉ እንደሚናወጥ ያውቃልና። ቶልኪን ያልነበረን አገር ጨረቃ እንደ ነበረች ጨረቃ ቈጠራት። አንባቢ ጨረቃዋን ቈጥሮ ስሕተት ባያገኝባት እንኳ፣ የተቈጠረች መሆንዋን ልቡ ይሰማዋል። ቤት ውስጥ የገባ እንግዳ ማገሩንና ወጋግራውን አያይም፤ ጣራው እንደማይወድቅበት ግን ያውቃል።

ስለ ሕሊናው ነገር ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ የካቶሊክ መጻሕፍት ቤት ኀላፊ ጠይቆት ነበረ፤ በመጽሐፉ ሞተው ዳግመኛ የሚወለዱ ፍጥረታትን ማግባቱ ከሃይማኖት ሰው ወሰን ያለፈ አይደለምን ብሎ። ቶልኪን የጀመረው ረጅም መልስ ሳይላክ ቀረ፤ ሐሳቡ ግን ይህ ነው፤ ፈጣሪ እኛ ባወቅነው መንገድ ብቻ አይወሰንምና፣ ሰው ሌላ መንገድ ቢያስብ ለሥልጣኑ ስፋት ምስጋና ይሆናል እንጂ ድፍረት አይሆንም። በ1939 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በሰጠው ትምህርትም ይህን ዓይነቱን ሥራ ከፍጥረት በታች ያለ፣ የተፈጠረ ሰው የሚሠራው ሁለተኛ ሥራ አድርጎ አስተምሯል።

የአገራችን ቋንቋ ይህን ክርክር በአንድ ቃል ጨርሶታል። ዛሬ ሰዎች «የፈጠራ ጽሑፍ» ይላሉ፤ አባቶች ግን ጸሓፊውን ፈጣሪ አላሉትም፣ ደራሲ አሉት እንጂ። መፍጠር ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት ነው፤ ይህም የእግዚአብሔር ብቻ ነው። መድረስ ግን ያለውን ቃል ከቃል፣ ያለውን ነገር ከነገር ጋር አሰናድቶ ማጋጠም ነው። ስለዚህ ደራሲ ያለውን አሰናድቶ ያልነበረውን ቢያሳይ ሐሰተኛ አይባልም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ዮአታም ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ ሲናገር፣ ዛፍ አይናገርምና ዋሸ ያለው የለም። ሐሰተኛስ ያልነበረውን ነገር ሰው አምኖ እንዲጐዳበት የሚናገር ነው። የሚያነበው ሰው ልብ ወለድ መሆኑን አውቆ የሚገባበት ቤት ወጥመድ አይደለም።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል፤ ያልነበረው የሚቆመው በምንድር ነው? ይህን ለመመለስ ወደ ኦክስፎርድ መሻገር አያስፈልግም፤ የቅኔ ቤት ደጃፍ ይበቃል። አንጥረኛ አስቀድሞ ምስሉን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ቀጥሎም ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይፈስሳል። ሰሙ ጣት የጐደለው እንደ ሆነ ወርቁም ጣት ይጐድለዋል። የቅኔ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ወርቁን ብቻ አስቦ ሰሙን ይንቃል። ምሥጢሩ መልካም ሲሆን፣ በሰሙ ያለው በሬ ክንፍ አውጥቶ፣ ዝናሙ ከምድር ወደ ሰማይ ወጥቶ ይገኛል። ያን ጊዜ መምህሩ ወርቁን አይነቅፍም፤ «ሰምህ አልቆመም» ብሎ ይመልሰዋል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሕጉ ይኸው ነው። ልብ ወለድም መወድስ ነው፤ ቤቱ በዛ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም።

በዚህ ሚዛን ስለ አገራችን የተጻፉ ሦስት መጻሕፍትን መመዘን ይቻላል።

የመጀመሪያው በባዕድ የተጻፈ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያው መስፍን ስለ ራስላስ ታሪክ ጻፈ፤ መጽሐፉም በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የጕዞ መጽሐፍ ተርጕሞ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበረ። የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ እንደ ነበረ የሚነገረውን ሰምቶ፣ በተራራ የታጠረ የደስታ ሸለቆ ሠራ። ወርቁ ብርቱ ነው፤ ደስታን የሚፈልግ ሰው በየትም እንደማያገኛት ያስተምራል። ሰሙ ግን የተውሶ ልብስ ነው፤ መስፍኑን ወደ ፋርስ ወይም ወደ ህንድ ቢወስዱት ከነገሩ አንድ ነገር አይጐድልም። አገሩ ለሐሳቡ መድረክ ሆነ እንጂ ለሰዎቹ መኖሪያ አልሆነም።

ሁለተኛው የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦብያ» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በአማርኛ ለዚህ ሥራ መንገድ የጠረገ ነውና ክብሩ አይነካም፤ አማርኛውም እንደ ጣና ውሃ የጠራ ነው። አገሩ ግን ስም የለውም፤ ንጉሡም ስም የለውም፤ ዋሕድ በጕዞ የሚያልፍበት በረሃ በየት ጀምሮ በየት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሴቲቱ ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትሄድ አንባቢ ስለ እርስዋ ይጨነቃል፤ ስለ አገሪቱ ግን አይጨነቅም። ይህ የተረት ሕግ ነው፤ ተረትም «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ የሚጀምረው ቀኑንና ስፍራውን እንዳይጠይቁት ነው። ስለዚህ «ጦብያ»ን ያነበበ ሰው መንደሩን ፍለጋ አይወጣም።

ሦስተኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ ቅኔውን ከምንጩ ጠጥተዋል። ካርታ አልሠሩም፤ ካርታው ተሠርቶ ቆይቷቸዋልና። ከማንኩሳ እስከ ዲማ ያለውን መንገድ በእግር የሚያውቅ ሰው ማንንም አይጠይቅም። ይህ ግን ገና ግማሹ ሥራ ነው፤ የታወቀ አገር ስም እየጠሩ የማይቆም ታሪክ የጻፉ ብዙዎች ናቸውና።

የዲማው ታሪክ የቆመበት ምሰሶ ሕግ ነው። ደራሲው ለዚያ ዓለም ሁለት ሕግ አቆሙ፤ አንዱንም እስከ ፍጻሜ አልጣሱም። የመጀመሪያው ሕግ አጥንት ቈጠራ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ትውልድ አጡ፣ ለጋብቻ የመጣውን ሁሉ መለሱ፣ ሰብለ ወንጌልም በአባትዋ ቤት ሳለች ዕድሜዋ ሄደ። ሁለተኛው ሕግ ስለት ነው፤ ውድነሽ በጣሙ ልጅዋ በዛብህ እንዲያድግላት ለእግዚአብሔር ተሳለች፣ እርሱም ማግባት የማይገባው ሰው ሆኖ አደገ። አንዱ ሕግ ሴቲቱን ሳታገባ አስቀመጣት፤ ሁለተኛው ሕግ ወንዱን ሳያገባ ላከው፤ በአንድ ግቢ መምህርና ተማሪ ሆነው ሲገናኙ የሆነው ሁሉ ከሁለቱ ሕጎች የመጣ ነው። ደራሲው በሰማይ መብረቅ ወይም በድንገተኛ ዕድል አልረዱአቸውም። ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት በጌታቸው ላይ ሲነሡ፣ ከዚያው ከአጥንት ትዕቢት የመጣ ግፍ ነው ያስነሣቸው። ይህ ሰሙ የቆመ ቅኔ ነው። ቶልኪን በጨረቃ ቍጥር የደከመውን፣ ሐዲስ በሰው ባሕርይ ቍጥር ደከሙ።

ነቀፋ ግን የለበትም ማለት አይደለም። ጉዱ ካሣ አፉን ከፍቶ ስለ ሥርዓቱ መበስበስ ሲናገር፣ ንግግሩ እየረዘመ ሲሄድ ዲማ ትቆማለች፤ ጠላው በገንቦ፣ እሳቱ በምድጃ ቀርቶ ሁሉም እርሱን ያዳምጣል። በዚያን ሰዓት የሚናገረው ጉዱ ካሣ ይሁን ደራሲው መለየት ያስቸግራል። ወርቁ ሰሙን ሳያቀልጥ በላዩ ፈሰሰ ማለት ይህ ነው። የቶልኪንም ነቀፋ የዚሁ ዘመድ ነው፤ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ በደብዳቤ እየተመላለሰ ያልተጻፈውን ሁሉ አስረዳ። ያ ያልተላከው መልስ ከተላኩት ብዙዎች ይልቅ ብልህ ነበረ። በጉባኤ ቤት ሥርዓት መጽሐፍ አንድ፣ አንድምታ ሌላ ነው፤ ጻፊውና ተርጓሚው አንድ ሰው እንዲሆኑ አይጠበቅም። ቅኔውን የዘረፈ ሊቅ ከጎኑ ቆሞ ካላስረዳለት የማይገባ ቅኔ፣ ሊቁ የሞተ ቀን አብሮ ይሞታል።

ይህ ነገር ዛሬ በቢቸናና በሞጣ ቅኔ የሚቈጥር፣ ሌሊት በጧፍ ደግሞ ልብ ወለድ የሚሞክር ወጣት ቢኖር ይመለከተዋል። ያልታየ አገር ለመሥራት ዘንዶውንና ግንቡን ከባሕር ማዶ መዋስ ይገባዋልን? ቶልኪን ከገዛ ሕዝቡ ጥንታዊ መጻሕፍትም ተውሷል። የእኛም መዝገብ ባዶ አይደለም፤ በግእዝ ዜና እስክንድር አለ፣ የአራዊትን ጠባይ ከምሥጢር ጋር የሚናገረው ፊሳልጎስ አለ። በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ ሁለቱን ዳር ያገናኝ የነበረ፣ የተሰበረም ድልድይ ለታሪክ ጀማሪ ምን ይጐድለዋል? ዋናው ግን ዕቃው አይደለም። ለአገሩ ሕግ ያቁም፤ ሕጉን ራሱ አይጣስ፤ ምሥጢሩን ሳይሆን ሰሙን አስቀድሞ ያቅና፤ መጽሐፉ ሲያልቅም ዝም ይበል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያ መጽሐፍ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ አንባቢ ላልቶ የሚነበበውን ከጠበቀው እንዳያሳስት ብለው ነው። ልማዱ አልሰፋም፤ ትምህርቱ ግን ይቀራል። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይኖራል» ማለት ነው። ደራሲ ሁሉ የሚጀምረው በላላው ነው፤ እገሌ እንዲህ አለ ብሎ ይናገራል። ጥበቡ የሰመረለት ግን አንባቢው ያንኑ ቃል አጥብቆ እንዲያነበው ያደርጋል። በዲማ መንገድ ላይ ቆሞ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ የሚጠይቀው ሰው፣ ነጥብዋን በልቡ ያኖረ አንባቢ ነው።