በደረት ላይ የተጻፈ ታሪክ፦ ስለ አንድ የግድግዳ ፎቶግራፍ የቀረበ ሂስ

ፎቶግራፍም እንደ ድርሰት ይነበባል። በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ በተሰየመው ሰፈር፣ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ባለሙሉ ኒሻን ፎቶግራፍ ግን ተመጋቢው ያየዋል እንጂ አያነበውም። ጎዳናው ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ሆሊውድ ይደርሳል፤ ተዋናይ ለአንድ ቀን ቀረጻ የጄኔራል ልብስ ለብሶ፣ ኒሻን ደርድሮ፣ ማታ ለዕቃ ቤት የሚመልስበት አገር ነው። ስለዚህ ኒሻንን እውነተኛ የሚያደርገው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ቦታው የጥያቄው ባዕድ አይደለም።

ፎቶግራፎቹ ብዙ ዓይነት ቢሆኑም አነጋገራቸው አንድ ነው። ከትከሻ ወደ ወገብ የተሻገረ ሰፊ ሪባን፣ በደረት ላይ የተበተኑ ኮከቦች፣ ከበላያቸው በረድፍ የተሰደሩ ሜዳዮች። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ባንድነት «ጀግንነት» ብሎ ይተረጉመዋል። የእኛ ተቃውሞ የሚጀምረው ከዚህ ትርጉም ላይ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ኒሻን ሰጪ አለው፣ ሰጪውም ምክንያት አለው። (የዘመን አቆጣጠራችን ከዚህ በታችም የአውሮፓ ነው።)

ኢጣሊያ በ1928 ከኢትዮጵያ ጋር የወዳጅነት ውል ስትፈራረም፣ በዚያው ዓመት ለራስ ተፈሪ የሳቮይ ቤት ከፍተኛ የሆነውን የአኑንዚያታን ኒሻን ሰጠች። የዚህ ኒሻን ባለቤት በሥርዓቱ መሠረት የኢጣሊያ ንጉሥ «ዘመድ» ተብሎ ይቆጠራል። በኦክቶበር 1935 የ«ዘመዱ» ጦር መረብን ተሻገረ፤ በሜይ 1936 ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አሰኘ። እንግሊዝም በ1954 የጋርተርን ኒሻን፣ በ1965 የክብር ፊልድ ማርሻልነትን ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰጥታለች። ይኸው ሁለት ክብር ቀደም ሲል የጀርመኑ ካይዘር የዳግማዊ ዊልሄልም ነበር። በ1915 ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ የካይዘሩና የሌሎች የጠላት መሳፍንት ዓርማ ከዊንድሰር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ወረደ። በ1940 ደግሞ ተራው የቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሆነ። የዘውድ ለዘውድ ኒሻን የዲፕሎማሲ ደብዳቤ ነው፤ ላኪው ሲቆጣ ይሰርዘዋል። በአንጻሩ ንጉሠ ነገሥቱ በማርች 1936 ማይጨው ላይ ከጦሩ ጋር መዋላቸውን ማንም ሊሰርዘው አይችልም፤ ግን ከእነዚያ ኮከቦች መካከል ስለ ማይጨው የሚናገረው የትኛው እንደሆነ ፎቶግራፉ አይነግረንም።

የአባትና የልጅ ታሪክ ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። የንጉሠ ነገሥቱ አማች ራስ ደስታ ዳምጠው ከማይጨው ሽንፈት በኋላ በደቡብ መዋጋታቸውን ቀጥለው በፌብሩዋሪ 1937 በኢጣሊያኖች እጅ ተረሸኑ። ልጃቸው እስክንድር ደስታ ገና ወጣት ሳሉ የባሕር ኃይል ሪር አድሚራል ሆኑ። የአባት ስም በመዋጋት፣ የልጅ ማዕረግ ግን በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር የተገኘ ነው ብለን እናምናለን። ይሁንና ደርግ በኖቬምበር 23 ቀን 1974 አድሚራሉን ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ማዕረጉ የተገባ ነበር አልነበረም ብሎ የመረመረ ችሎት አልነበረም። የመሳፍንትን ኒሻን መንቀፍ ይህን ግድያ መደገፍ የሚመስላቸው ካሉ ተሳስተዋል።

ወደ ራሳችን ወደ ስደተኞች የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1944 መንግሥት ለአርበኞች ሜዳይ ሲያቆም፣ በጠላት ዘመን በውጭ አገር ለቆዩትም የስደተኛ ሜዳይ አቆመ። በዱር ያደረና በባዕድ አገር የሰነበተ በአንድ ግምጃ ቤት ሜዳይ ተሸለሙ። ስደትን በጠቅላላ እንንቀፍ ብንል ቃላችን በራሳችን ላይ ይመለሳል። በጄኔቭ የተሰማው የንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሚዛኑን የያዘው ከስደት የተመለሰው ወገን ነበረ። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ተዋግቶ ደጃዝማችነት ተሰጠው፤ ሹመቱ ለተጋድሎው አነሰ የሚል ቅሬታ አደረበት፤ በኋላም በዐመፅ ተከሶ በጃንዋሪ 1945 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ሰቃዩም ሸላሚውም አንድ መንግሥት ነው።

ፎቶግራፉ ይውረድ አንልም፤ የተሰቀለበት ናፍቆት ይገባናል፣ እኛም ከሥሩ ተቀምጠን በልተናል። የምንጠይቀው ልጆቻችን ጣታቸውን ወደ አንዱ ኮከብ ቀስረው «ይህን ማን ሰጣቸው?» ሲሉ መልሱን የሚያውቅ ሰው ከገበታው ዙሪያ እንዳይጠፋ ነው፤ ቀጥለውም «በላይ ዘለቀስ ፎቶግራፉ የት አለ?» ቢሉ እንዳናፍር።