ቡናን የሚጠብቀው ሻጋታ

ሻጋታ ሲባል ፊታችንን እናጨማድዳለን፤ እንጀራችንን ያበላሸብን እሱ ነዋ! እኔ ግን ስለ አንዱ ሻጋታ ካነበብኩ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳላወራ መዋል አቅቶኛል። ትራይኮደርማ ይባላል። አፈርና የበሰበሰ እንጨት ቤቱ ነው፤ ፍለጋው ሩቅ አያስኬድም። አዲስ አበባ ላይ ከወሰን ሰፈር ወደ የካ ተራራ ጫካ ውጡና የረጠበ የባሕር ዛፍ ጉቶ ፈልጉ። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይዘረጋል፣ ሲውል ሲያድር አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል። አንዳንዱ ዝርያማ ሽታው ቁርጥ ኮኮናት ነው!

ጉዱ ሥራው ላይ ነው። ተክል የሚያደርቅ ሌላ ፈንገስ ሲያገኝ ቀጫጭን ክሮቹን በጠላቱ ክር ላይ ይጠመጥማል። ከዚያ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ኢንዛይሙ የጠላትን የሕዋስ ግድግዳ ያሟሟል፣ ትራይኮደርማም ውስጡን ይመገባል። ዌይንድሊንግ የተባሉ ተመራማሪ ይህን ጥቃት የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው።

ልቤን ያሞቀው ግን የቡናችን ጉዳይ ነው። ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ የቡናን ዛፍ እንደቆመ ያደርቀዋል። ውኃ የሚያልፍበትን ቱቦ ይዘጋል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል። ገበሬው አረም ሲመነጥር ገጀራው ግንዱን ከጫረው በሽታው በቁስሉ ይገባል፤ የታመመውን የነካ ገጀራም ወደ ጤነኛው ይዞት ይሄዳል። ለታመመ ዛፍ መድኃኒት ስለሌለ መፍትሔው ነቅሎ ማቃጠል ነው። ስንት ዓመት የተደከመበት ዛፍ!

ታዲያ ተመራማሪው ተመስገን በላይነህ ሙላው ከቪየና ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከኢትዮጵያ የቡና ጫካዎች ሥርና አፈር ትራይኮደርማዎችን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት የዝርያውን ብዛት አሳየ፤ በ2013 የወጣው ደግሞ ከጤነኛ ቡና ሥር የተገኙ ዝርያዎች ፉዛሪየምን እንደሚያጠቁና የበሽታውን ጉዳት እንደሚቀንሱ አረጋገጠ። እዚያው ሥሩ ውስጥ ገብተው መኖርም ይችላሉ! ቡናችን ጠባቂዎቹን በጉያው ይዞ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

ገና አላለቀም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር ድንኳኖች በሻጋታ ይበሰብሱ ነበር። ጥፋተኛው አንድ የትራይኮደርማ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ በኋላም በተመራማሪው በኤልዊን ሪስ ስም ትራይኮደርማ ሪሴይ ተባለ። ጥጥን የሚበላበት ሴሉሌዝ የተባለ ኢንዛይሙ ዛሬ ጂንስ ያለሰልሳል፣ በልብስ ሳሙና ውስጥ ይገባል፣ የፍራፍሬ ጭማቂ በደንብ እንዲወጣ ያግዛል፣ ገለባን ወደ ስኳር ይለውጣል። በዓለም ዙሪያ ፋብሪካ የገቡት የዚህ ዝርያ ልጆች ሁሉ ከዚያ ከአንዱ የድንኳን ሻጋታ የወጡ ናቸው። ለጦሩ ጣጣ የነበረው ለፋብሪካው ሲሳይ ሆነ።

እኛ ደግሞ የቡና ገለፈት፣ የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ የስንዴ ፉርሽካ ሞልቶናል። ትራይኮደርማ በረጠበ ፉርሽካ ላይ ይራባል፤ ውድ ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ የቡና ችግኝ ጣቢያ ያላችሁ፣ ተመራማሪዎችን ጠይቁ፣ ጎትጉቱ፤ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ማሳችሁ ይድረስ። እናንተ የኮተቤ የባዮሎጂ ተማሪዎችም፣ ተራራው ደጃችሁ ነው፤ ከጉቶው ሥር አፈር ቆንጥራችሁ ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጉት።