ሴትን የተጫወተች ሴት
(ስለ አስናቀች ወርቁ የመድረክ ሥራ የቀረበ ሂስ)

ስለ ከያንያን ስንናገር በአገራችን ሁለት መንገዶች ተለምደዋል። አንደኛው ሐሜት፣ ሁለተኛው ውዳሴ ነው። ከያኒው በሕይወት ሳለ ሐሜቱ ይቀድማል፤ ሲሞት ደግሞ ውዳሴው ይጐርፋል። ሥራውን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ያማረውን ለምን እንዳማረ፣ የጐደለውንም ለምን እንደ ጐደለ መመርመር ግን ብዙ አልተለመደም። አስናቀች ወርቁ የሁለቱም ዕጣ ደርሷታል። ስለ መልኳ፣ ስለ አለባበሷ፣ ስለ ፍቅሯ ብዙ ተወርቷል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ደግሞ «የመጀመሪያዋ ተዋናይት» የሚለው ማዕረግ ከስሟ ጋር ተደጋግሞ ተጻፈ። በዚህ ሁሉ መካከል በመድረክ ላይ የሠራችው ሥራ ምን ለወጠ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። በዚህች ገጽ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ጥያቄውን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክበባችን በሚያዘጋጀው ተውኔት ውስጥ ልጇ የጠፋባት እናት አለች። ድርሰቱን አንብበው የእናትየዋን ቦታ መጫወት የፈለጉ ልጃገረዶች አልታጡም፤ ወላጆቻቸው ግን «ልጄ አዝማሪ አትሆንም» ብለው ከለከሉ። ስለዚህ አንድ ጐረምሳ ነጠላ ተከናንቦ እናት ሆነ። ልምምዱን ያያችሁ ሁሉ የሆነውን ታውቃላችሁ። እናትየዋ እየጮኸች ልጇን ስትፈልግ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። ጐረምሳው ጥፋት የለበትም፤ ቃሉን አጥንቷል፤ ከልቡም ይጫወታል። ሆኖም ተመልካቹ የሚያየው እናትን ሳይሆን እናትን የሚመስል ወንድን ነው። የሚስቀውም በመምሰሉ ነው። እያንዳንዳችን በዚህ መጠለያ ስንት የጠፋ ልጅ እንዳለ እናውቃለን። ልናለቅስበት በጻፍነው ነገር ስቀን ወደ ሸራችን ገባን።

አስናቀች መድረክ ላይ ስትወጣ የአገራችን ቴአትር የነበረበት ሁኔታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1910ሮቹ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ከጻፉ ወዲህ፣ የሀገር ፍቅር ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ በመድረኩ የሴትን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ፊታቸውን ተላጭተው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው ይወጣሉ። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሼክስፒርን ሴቶች የተጫወቱት ወንዶች ልጆች ናቸው። በጃፓን ደግሞ ካቡኪ የሚባለውን ቴአትር በ1603 እ.ኤ.አ. ገደማ የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ሆና ሳለ፣ በ1629 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሴቶችን ከመድረኩ አገደ። እንግዲህ ሴት ከመድረክ የምትርቀው ችሎታ ስለሌላት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በጃፓን እንዳየነው፣ ችሎታዋን ያስመሰከረችውም ብትሆን በሩ ሊዘጋባት ይችላል።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት «የፍቅር ጮራ» የተባለው ተውኔት ሲታይ አስናቀች ወርቁ ከተዋንያኑ አንዷ ሆነች። የመጀመሪያዋ ተዋናይት የተባለችውም ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ገና ሃያ አልሞላም ወይም ቢሞላ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የዕድሜ ባለጸጎቻችን ይነግሯችኋል። ወንዱን አዝማሪ ሰው ቢንቀውም በሠርግና በድግስ ይጠራዋል፤ ይሸልመዋል። ሴቷ ስትዘፍን ግን ዘፈኗን የሰማ ሁሉ ገላዋም የሚሸጥ ይመስለዋል። በጠጅ ቤት በር ላይ የተለጠፈው ስም ተከትሏት ቴአትር ቤት ይገባል። አስናቀች መድረክ ላይ የቆመችው ይህን ስም ተሸክማ ነው። ስሙን ለማራገፍ የዘመድ ይሁንታና የትምህርት ቤት ወረቀት አልያዘችም። የያዘችው ሥራዋን ነበር።

የሥራዋ ዋና ፍሬ በእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አስናቀችና ከእርሷ ጋር የተነሡት ተዋናይቶች በአገራችን መድረክ ላይ ኀዘን እንዲታመን አድርገዋል። ወንድ ሴትን ሲጫወት ፌዙ ያምርለታል፤ ቀልደኛዋ አማት፣ ነገረኛዋ ጐረቤት፣ ሰካራሟ ጠላ ሻጭ በወንድ ሲጫወቱ እንዲያውም ይደምቃሉ። ፍቅር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሁለት ወንዶች አንዱ ቀሚስ ለብሶ እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚያለቅስ ተመልካች አይገኝም። እናት ልጇን ስትቀብር፣ ሚስት ባሏን ስትጠብቅ፣ ልጃገረድ ያለ ፈቃዷ ስትዳር፣ እነዚህ ሁሉ በወንድ አንደበት ሲነገሩ ወይ ስብከት ወይ ሳቅ ይሆናሉ። ሴቷ ራሷ ስትቆምበት ደራሲውም ይገደዳል። ከእንግዲህ «እንዲህ ያለች ሴት» ብሎ ጽፎ መሄድ አይችልም፤ የሴቷን ቃል የምትናገር፣ «ሴት እንዲህ አትናገርም» ብላ ልትመልስለት የምትችል ተዋናይት ፊቱ ቆማለች።

የብር ኢዮቤልዩው በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ይኸው ነው። አስናቀች ለበርካታ ዓመታት የሠራችው በዚህ ቤት ነው። የዚያን ዘመን የቴአትር ምሽት ዛሬ እንደምናስበው ተውኔት ብቻ አልነበረም። ተውኔቱ አለ፤ ዘፈኑና እስክስታው አለ፤ የነሐስ መሣሪያ የሚነፋው ኦርኬስትራም አለ። አንዲት ሴት በአንድ ምሽት ገጸ ባሕርይ ሆና ትናገራለች፤ ልብሷን ለውጣ ትጨፍራለች፤ ተመልሳም ክራሯን ይዛ ትዘፍናለች። ስለዚህ «ተዋናይት ነበረች ወይስ ዘፋኝ?» ብሎ መከራከር የዚያን መድረክ ጠባይ አለማወቅ ነው። አስናቀች ሁለቱንም የተማረችው ከአንድ መድረክ ነው።

ክራሯን ማንም መምህር አላስተማራትም፤ ራሷ ነካክታ የለመደችው ነው። ክራር በአገራችን ከበገና ጋር ሲነጻጸር ስሙ አያምርም። በገና የእግዚአብሔር፣ ክራር የሰይጣን ነው ሲባል ኖሯል። በገና መኳንንቱና ካህናቱ በጾም የሚደረድሩት ነው፤ ክራር ደግሞ የዘፈንና የመሸታ ቤት ነው። ከአስናቀች በፊት ሜሪ አርምዴ ክራርን በሴት እጅ አስከብራለች፤ ካሣ ተሰማም በክራሩ የፉከራና የቁም ነገር ድምፅ አሰምቷል። አስናቀች ከሁለቱም የምትለይበት ነገር አለ። ሜሪ ስትጫወት ክራሩ ይደምቃል፤ ጣቷ ፈጣን ነው። ካሣ ሲጫወት ድምፁ ይገዝፋል። አስናቀች ግን ቃሉን ትጫወተዋለች። ትዝታ ስትል ስንኙን ጀምራ ታቆማለች፤ ክራሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻውን ይመላለሳል፤ ከዚያ ቀሪውን ቃል አንድ ሰው ጠይቋት እንደምትመልስ አድርጋ ትለቀዋለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ሊያስደንቅ አይሞክርም፤ ዝቅ ብሎ ሰሚውን ወደ ራሱ ይስባል። ይህ የተዋናይ ብልሃት ነው። ቃል ከዝምታ በኋላ ሲመጣ እንደሚከብድ የሚያውቀው በመድረክ ላይ ቆሞ ተመልካችን የጠበቀ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሂስ እንዳይጐድል አንድ ነገር እንበል። በ1975 እ.ኤ.አ. ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋንና ከተማረ ሐረጉ ድራም ጋር ያስቀረጸችው ሥራ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር እንደገና ታትሞ ስለወጣ ስልክ ያላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብዙዎች ይህን ሥራ ያደንቁታል፤ ኦርጋኑም በእውነት ጨዋ ነው፤ ከክራሩ በታች ሆኖ ያጅባል። ድራሙ ግን አስናቀችን ያስራታል። ምቱ በየልኩ ስለሚመጣ ያ የምታቆመው ዝምታ ቦታ ያጣል። ትዘፍናለች፤ መጫወቷ ግን ይቀንሳል። ብቻዋን ከክራሯ ጋር የተቀዳችውን ቀጥላችሁ ስሙና አመዛዝኑ። በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮጲክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ ውስጥ 16ኛው ቅጽ የእርሷ ብቻ ሆኖ ወጥቷል፤ ስሟ በባሕር ማዶ የታወቀው በይበልጥ በዚህ ነው።

ይህ ዕውቅና ያስደስታል፤ ነገር ግን ጉድለትም አስከትሏል። ዓለም የሚያውቃት አስናቀች የክራሯ አስናቀች ናት። ሸክላው ዘፈኗን ጠበቀ፤ የመድረክ ሥራዋን የሚጠብቅ ግን አልነበረም። ተውኔት መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚኖረው ባየው ሰው አእምሮ ውስጥ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ከመጥፋት ካዳኑት ነገሮች አንዱ ነው። እንዲያም ሆኖ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ማዕረግ ራሱ ሥራዋን ይሸፍነዋል። የመጀመሪያ መሆን አንድ ምሽት ይበቃዋል። አስናቀች ግን ከዚያ ምሽት በኋላ በማግሥቱም፣ በየሳምንቱም፣ ለብዙ ዓመታትም ተመልሳ ወጥታለች። አመስግኑ ከተባልን ማመስገን የሚገባን ይህን መመላለሷን ነው፤ ስሙ የሚራገፈውም በመመላለስ ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። «ልጄ አዝማሪ አትሆንም» ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ እናከብራችኋለን፤ ፍርሃታችሁም ከንቱ አይደለም። መጠለያ ውስጥ ለሴት ልጅ ሌሊቱ አስጊ ነው፤ ስም አንድ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ሸራ ለሸራ በተጠጋጋበት ሰፈር አይመለስም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ከዋግ የመጣችሁ ልጆቻችሁን ለሻደይ፣ ከላስታ የመጣችሁ ለአሸንድዬ፣ ከቆቦ የመጣችሁ ለሶለል አልብሳችሁና ኩላችሁ በአደባባይ እንዲዘፍኑ ስትልኩ ማን አዝማሪ አላቸው? በአገራችን ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውን ሴት ማን ይንቃታል? ሟች ዘመዷ ሳይሆን ሟቹን ትገልጻለች፤ አካሄዱን፣ አነጋገሩን፣ ደግነቱን በቃል ትስላለች፤ የደረቀውንም ዓይን ታስለቅሳለች። ይህች ሴት ከተዋናይት በምን ትለያለች? ባህላችን ሴትን በአደባባይ ኀዘን እንድትናገር ከፈቀደላት ቆይቷል። የከለከለው ስሙን ነው።

ፍርሃቱን ደግሞ በቃል ብቻ ማስወገድ አይቻልም፤ ሥርዓት ይጠይቃል። ስለዚህ ለክበቡ አስተባባሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ልምምዱ ከምሽት ወደ ቀን ይዛወር፤ ከአሥር ሰዓት አይለፍ። ልጆቹ በሚለማመዱበት ቦታ ከእናቶች ሁለት ሦስቱ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ጥጡንም እየፈተሉ፣ ቡናውንም እያፈሉ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ስትመጣም ስትመለስም ብቻዋን አትሂድ። የትምህርትና የራሽን ቀን አይነካ። ልምምዱን ተከትሎ የሚቀልድ ወንድ ቢኖር ከክበቡ ይሰናበት፤ አንዲት ልጅ ከምትቀር አንድ ተዋናይ ቢጐድል ይሻላል። አስናቀችን በዘመኗ እንዲህ የጠበቃት ሥርዓት አልነበረም፤ ብቻዋን ተወጣችው። የእኛ ልጆች ግን ያለፈችበትን እንደገና እንዲያልፉ ማድረግ የለብንም።

ሌላም ልመና አለን። በመካከላችን አዲስ አበባ የኖራችሁ፣ የቴአትር ቤቱንም በር የረገጣችሁ የዕድሜ ባለጸጎች አላችሁ። አስናቀችን ወይም የእርሷን ዘመን ተዋናይቶች በመድረክ ላይ ያያችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ንገሩን። ምን ለብሳ ነበር፤ እንዴት ገባች፤ ሰው የሳቀውና ያለቀሰው የት ላይ ነው? መጻፍ ያልቻለ ይንገረን፤ እኛ እንጽፋለን። ሸክላ ያልያዘውን በዚህች በእጅ በምትጻፍ ገጽ መያዝ እንችላለን።

የእናትየዋ ቦታ እስከሚቀጥለው ልምምድ ድረስ ባዶ ይቆያል። ነጠላውን ከጐረምሳው ተቀብለን አጥፈን አስቀምጠነዋል።