የጓዳ ወረቀት፦ በኮላ ድባ ጋዜጣና ሰነድ የሚተርፉበት መንገድ

የጎንደርን የጽሑፍ ቅርስ የሚያጠና ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ብራና ላይ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በየአድባራቱና በየገዳማቱ የሚገኙ መጻሕፍትን በሺዎች እየቆጠረ ፎቶ አንሥቷል። ዶናልድ ክረሚም በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይሰፍር እንደነበር ተከትሎ የመሬት ይዞታን ታሪክ በጥልቀት መርምሯል። ያ ልማድ ብልህነት ነበረበት። ዓለማዊው ውል ማንም ሊጥለው በማይደፍረው ወንጌል ውስጥ ተጠልሎ ዘመናትን ተሻገረ። የሃያኛው ምዕት ዓመት የደምቢያ ሰው ጉዳይ ግን የተጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ያለውም በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሳይሆን በየሰው ጓዳ ነው፤ ጥናቱ ደግሞ እስከ ጓዳ አልዘለቀም።

ኮላ ድባ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ላይ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማና በዙሪያው ገጠር የቤተሰብ ሳጥን ሲከፈት የሚወጣው ነገር በአብዛኛው ይመሳሰላል፦ የግብር ደረሰኝ፣ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተገኘ የምስክር ወረቀት፣ የልጆች የትምህርት ውጤት፣ የዕድር መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ በመዝሙረ ዳዊት ገጾች መካከል የተቀመጠ ጉርድ ፎቶግራፍ። ክምችቱ የዘፈቀደ ይምሰል እንጂ ሕግ አለው። እዚያ የገባው ወረቀት አንድ ቀን ሊጠየቅ የሚችል ወረቀት ነው። ዳኛ ይጠይቀዋል፣ ቀበሌ ይጠይቀዋል፣ ወራሽ ይጠይቀዋል። በመሬት ሲከራከር በኖረ አገር ሰነድ ማቆየት የትዝታ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የመብት ጉዳይ ነው። ፎቶግራፉ እንኳ ከዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይመሰክራልና።

ጋዜጣ ይህን መመዘኛ አያልፍም። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረውን አዲስ ዘመን አምጣ ብሎ ማንንም የሚከስ የለም። ስለዚህ ጋዜጣው በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በመንገደኛ እጅ ከገባ በኋላ ተነቦ ሲያበቃ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። በዱቄት ሙጫ የጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ በሳጥን ታች ይነጠፋል፣ ሱቅ ውስጥ ቆሎ ይጠቀለልበታል። የተማረው ወገን ይህን አለማወቅ ይለዋል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ዓመታትን ይቆያል፤ ፊደል የቆጠረ ልጅም ጋደም ባለበት ሳይቀር ያነበዋል። ለምርምር ሥራ ግን የዚህ አያያዝ ውጤት መታወቅ አለበት፦ በቤት ውስጥ የሚገኝ የቆየ ጋዜጣ ሆን ተብሎ የተጠበቀ ሳይሆን በሌላ አገልግሎት ምክንያት የተረፈ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «የደምቢያ ሰው ይህን ያነብ ነበር» ብሎ መደምደም አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱም ተቆርጦ የተቀመጠው ቁራጭ ነው። የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የፈተና ውጤት፣ የዘመድ ስም ያለበት ዜና በመቀስ ተቆርጦ ሳጥን ሲገባ አንባቢው ራሱ መርጧል ማለት ነው። ሙሉው ዕትም አዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. በተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወይም በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊገኝ ይችላል። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ስም፣ የተሰመረበት ዐረፍተ ነገር፣ የአቆራረጡ ምርጫ ግን ከኮላ ድባው ቤት በቀር የትም የለም። የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙ ጋዜጦች ብቅ ብለው ጥቂት ጊዜ ታትመው ጠፍተዋል፤ የእነሱ አንድ ቅጠል እንኳ ዋጋ አለው።

የጋዜጣ ጠላት ከወረቀቱ ከራሱ ይጀምራል። የብራና ቆዳ በአብዛኛው የፍየል ወይም የበግ ነው፤ ጥቀርሻ ያለበት ጥቁር ቀለሙም ብርሃንን ይችላል። የጋዜጣ ወረቀት ግን ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር አብሮት ይቀራል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቀየራል፣ አሲድ ይበዛበታል፣ ቢጫ ሆኖ ሲታጠፍ ይሰበራል። ወረቀቱ በጥንቃቄ ቢያዝም ይህ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በዚህ ላይ የደምቢያ ክረምት አለ፤ ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር፣ ከወለል የሚወጣ እርጥበት፣ ከማዕዘን የሚነሣ ምስጥ። የምድጃ ጭስ ተባይ ያርቃል ተብሎ ቢታመንም ጥላሸቱ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል።

የብራና ጠባቂዎች ግን ለዚህ ችግር ያዘጋጁት ትምህርት አለ። እያንዳንዱን መጽሐፍ በየራሱ ማኅደር ከትተው ከመሬት ከፍ አድርገው ይሰቅሉታል፤ ብርሃንም እርጥበትም አያገኘውም። ወረቀትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሳጥኑ ከወለልና ከጭቃ ግድግዳ ይራቅ። ጋዜጣው ሳይታጠፍ ተዘርግቶ በታጠበ ነጭ አቡጀዲ ይጠቅለል። ዝገት የሚያመጣ መርፌና ስፒል ይውጣ። የተቀደደውን በስኮች ማጣበቅ ጉዳት ነው፤ ሙጫው ጊዜ ሲያልፍ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላል። ከዚህም የሚብሰው ለምስክር ወረቀት የተለመደው ላሚኔት ነው። ሙቀትና ፕላስቲክ አንዴ ከገቡበት በኋላ አይመለስም፤ አሲዱም ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ቁራጭ ሲቆረጥ የጋዜጣው ስምና ቀን በእርሳስ ይጻፍበት፤ ቀን የሌለው ቁራጭ ለታሪክ ጸሐፊ ግማሹን ዋጋ ያጣል። በስልክ ፎቶ ሲነሣም በመጀመሪያ ቀኑ የሚታይበት ሙሉ ገጽ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ ይነሣ።

እስከዚህ ያለው ቤተሰብ ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው የተቋም ድርሻ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው። ተመራማሪ መጥቶ «ሰነዱን ለቤተ መጻሕፍት ስጡ» ሲል ባለቤቱ ቢያመነታ ስስት አይደለም። ደረሰኙ ነገ ሊፈለግ ይችላል፤ ከእጁ ከወጣ መብቱም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሰነድ ከቤት መውጣት የለበትም። ቅጂው እዚያው በባለቤቱ ፊት ይነሣ፣ አንዱ ለቤተሰቡ ይሰጠው፣ ለሕዝብ የሚከፈተውን የሚወስነውም ቤተሰቡ ይሁን።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሕዝብ ጤና ኮሌጅነቱ ጀምሮ ተማሪዎቹን ለተግባር ትምህርት ወደ ኮላ ድባ ሲልክ ኖሯል። በየቤቱ እየገባ ጤናን መመዝገብ የሚያውቅ ተቋም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቹን ካሜራና ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ አስይዞ ወደነዚያው ቤቶች ቢልክ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። ሥራው ከአረጋውያኑ ቤት ይጀመር፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚናገሩት እነሱ ናቸውና።